የሐረና ቡና ጣዕም ከየት ይመጣል?

ከሮቤ ተነሥቶ በጎባ በኩል ወደ ደቡብ የሚያቀና መንገደኛ በአንድ ቀን ውስጥ ደጋውንም፣ ውርጩንም፣ ቆላውንም አይቶ ያድራል። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ በስንዴና በገብስ ማሳ ተከብባ ትገኛለች። 14 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቃት ጎባ ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ አላት። ከጎባ በኋላ መንገዱ በኮሶና በአስታ ዛፎች መካከል እየተጠማዘዘ ከ4,000 ሜትር በላይ ወደሆነው ወደ ሳነቴ አምባ ይወጣል። ጅብራ በቆመበት፣ ቀይ ቀበሮ ፍልፈል በሚያድንበት በዚያ ብርዳማ ሜዳ ላይ 4,377 ሜትር የሚደርሰው ቱሉ ዲምቱ ይታያል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ በድንገት ቁልቁል ይወርዳል፤ ጭጋግ የሚያዘወትረው የሐረና ደን ይጀምራል፤ ሪራን አልፎ ወደ ደሎ መና፣ 1,300 ሜትር ገደማ ወደሆነው ቆላ ያደርሳል። በደኑ የታችኛው ክፍል፣ በግምት ከ1,300 እስከ 1,900 ሜትር ባለው ከፍታ ውስጥ፣ በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ማንም ያልተከለው ቡና በቅሎ ይገኛል።

«የሐረና የጫካ ቡና ጣዕሙ ከሌላው ይለያል» ሲባል መስማት በባሌ የተለመደ ነው። ሻጩ ይናገረዋል፤ ገዢው ይደግመዋል፤ እንግዳ ሲመጣም ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጨዋታ መካከል ይነሣል። አባባሉ ግን በውስጡ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይዟል። ቡናው በኬሚካዊ ይዘቱ ከሌላው ይለያል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ይህ በቤተ ሙከራ የሚመለስ ነው። ወይም ሰው በምላሱና በአፍንጫው ብቻ ለይቶ ያውቀዋል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ይህም በሙከራ የሚመለስ ነው፣ ሙከራው ግን በጥንቃቄ መዘጋጀት አለበት። ሦስተኛው «ይበልጣል» ማለት ነው። እዚህ ላይ ሳይንስ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም፤ ልማድና ገበያ ይገቡበታል። ክርክሩ መቋጫ የሚያጣው አብዛኛውን ጊዜ አንዱ የመጀመሪያውን ሲናገር ሌላው ሦስተኛውን ስለሚሰማ ነው።

የኩባው ሲጋር

ይህን የመሰለ ክርክር ከሁሉ ይበልጥ የጦፈው በካሪቢያኗ ደሴት በኩባ ምርት ላይ ነው። በዚያ የክርክሩ ምክንያት ሲጋር ነው። ሲጋር ከሲጋራ የሚለየው በወረቀት ሳይሆን በራሱ በትምባሆ ቅጠል ተጠቅልሎ በመሠራቱ ነው። (ለጤና ጠንቅ በመሆን ሁለቱም አንድ ናቸው፤ እኛ የምንፈልገው የክርክሩን አካሄድ እንጂ ጭሱን አይደለም። በነገራችን ላይ የባሌ ተራሮችም ከትምባሆ ስም አላመለጡም፤ «ኒያላ» የተባለው የአገራችን ሲጋራ የተሰየመው በእነዚሁ ተራሮች በሚኖረው የደጋ አጋዘን ነው።)

በምዕራብ ኩባ፣ በፒናር ዴል ሪዮ አውራጃ፣ ቩዌልታ አባሆ የተባለ አካባቢ አለ። በዚያ የሚበቅለው ትምባሆ በዓለም ወደር የለውም ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1959 አብዮቱ ድል ካደረገ በኋላ በ1960 የሲጋር ፋብሪካዎች ሲወረሱ ብዙ ባለቤቶችና አምራቾች አገር ጥለው ወጡ። የኩባ የትምባሆ ዘርም በዶሚኒካን ሪፐብሊክ፣ በሆንዱራስና በኒካራጓ አፈር ላይ በቀለ። እ.ኤ.አ. በ1962 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በኩባ ላይ የንግድ ማዕቀብ ሲጥሉ የአሜሪካ ገበያ ለኩባ ሲጋር ተዘጋ። የፕሬስ ጸሐፊያቸው የነበሩት ፒየር ሳሊንጀር በኋላ እንደተረኩት፣ ፕሬዚዳንቱ አዋጁን ከመፈረማቸው በፊት አንድ ሺህ ያህል የኩባ ሲጋር እንዲገዛላቸው አዘው ነበር። ዛሬ «ኮሂባ» እና «ሞንቴክሪስቶ» የተባሉት የታወቁ ስሞች በኩባም በዶሚኒካን ሪፐብሊክም ለሚመረቱ፣ ግን ለማይዛመዱ ሲጋሮች መጠሪያ ሆነው ይገኛሉ።

ሳይንስ ለሚወድ ተማሪ ይህ ታሪክ ራሱ እንደ ሙከራ ነው፤ ዘሩ አንድ፣ አፈሩ ልዩ ልዩ። ነገር ግን ሙከራው ንጹሕ አይደለም። የትምባሆ ቅጠል ከተለቀመ በኋላ ተሰቅሎ ይደርቃል፤ ከዚያም ተከምሮ ይብላላል። ክምሩ በራሱ ይሞቃል፤ አሞኒያ እየተነነ ይወጣል፤ ኮምጣጣና ሻካራ የሆኑት ውህዶች ይቀንሳሉ። በቅጡ ያልተብላላ ቅጠል ከየትኛውም አፈር ቢመጣ ጉሮሮ ይቧጥጣል። ስለዚህ አንድ የኩባና አንድ የኒካራጓ ሲጋር አጭሶ «አፈሩ ለየው» የሚል ሰው፣ ዘሩን፣ አየሩን፣ ቅጠሉ ከግንዱ ላይ የነበረበትን ቦታ፣ የመብላላቱን ጊዜና የጠቅላዩን እጅ በአንድ ላይ አወዳድሮ ውጤቱን ለአፈር ብቻ ሰጥቷል ማለት ነው። በመጨረሻም በሲጋሩ ወገብ ላይ የተጠመጠመችው ባለ ስም የወረቀት ቀለበት አለች። እርሷም ትቀመሳለች።

ይህ ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ አንድ የፈረንሳይ ጥናት የወይን ጠጅ አሠራርን የሚያጠኑ 54 የቦርዶ ተማሪዎች ነጭ ወይን ጠጅ እንዲያሸትቱ ካደረገ በኋላ፣ ያንኑ ነጭ ወይን ሽታ በሌለው ቀይ ቀለም አቅልሞ ሰጣቸው። ተማሪዎቹ ቀይ የመሰላቸውን ነጭ ወይን የገለጹት በቀይ ወይን መግለጫ ቃላት ነበር። ዓይን የነገረውን አፍንጫ ተቀበለ። «የሐረና ነው» ተብሎ የቀረበ ሲኒም በዚህ ፈተና ውስጥ ማለፍ ይኖርበታል።

የዘሩ ነገር

ኩባ በትምባሆ የደረሰባትን ኢትዮጵያ በቡና ካየችው ሦስት መቶ ዓመት አልፏል። ኮፊያ አራቢካ የተባለው የቡና ዝርያ የተገኘው ከሁለት ሌሎች ዝርያዎች፣ ከኮፊያ ካኔፎራና ከኮፊያ ዩጂኒዮይደስ መዳቀል ነው። ወላጆቹ እያንዳንዳቸው 22 ክሮሞዞም ሲኖራቸው አራቢካ 44 ይዟል። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ የጂኖም ጥናት ይህ መዳቀል የተካሄደው በግምት ከ610 ሺህ ዓመታት በፊት መሆኑን አመልክቷል። ከኢትዮጵያ ወደ የመን፣ ከየመን በሆላንዶች እጅ ወደ ጃቫ፣ ከጃቫ እ.ኤ.አ. በ1706 ወደ አምስተርዳም የዕፅዋት አትክልት ስፍራ፣ በ1714 ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ በስጦታ፣ ከዚያም በ1720ዎቹ ወደ ማርቲኒክ ደሴት ተጓዘ። በእያንዳንዱ ጉዞ የተወሰዱት ጥቂት ችግኞች ብቻ ስለነበሩ፣ የላቲን አሜሪካ የቡና እርሻዎች የተመሠረቱት እጅግ ጠባብ በሆነ የዘር መሠረት ላይ ነው። የኩባ ቡናም ከዚህ ጉዞ የተረፈ ነው፤ ከሲጋሩ ጋር የሚጠጣው ሲኒ ዘሩ ከእኛው ደን የወጣ መሆኑ ብዙም አይነገርም።

ዘር ጣዕምን ምን ያህል እንደሚወስን ለማየት ከ«ጌሻ» ቡና የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ይህ ቡና በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ተሰብስቦ በምሥራቅ አፍሪካ የምርምር ጣቢያዎች በኩል አልፎ በ1953 ኮስታ ሪካ ደረሰ። ቆይቶ ፓናማ ቢገባም ምርቱ አነስተኛ በመሆኑ ለረጅም ጊዜ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ነገሩ የተለወጠው በቦኬቴ የሚገኝ የአንድ እርሻ ባለቤቶች ከፍ ካለው የእርሻቸው ክፍል የተለቀመውን ለብቻው ለይተው በቀመሱ ጊዜ ነው። የአበባ መዓዛው ከሌሎቹ ሁሉ የተለየ ሆኖ ተገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በጨረታ አንዱ ፓውንድ በ21 ዶላር ተሸጠ፤ ለዚያን ጊዜ ይህ ክብረ ወሰን ነበር። እዚህ ላይ አንባቢ ሁለት ነገር ልብ ይበል። መዓዛው ፓናማ ላይ ሊወጣ የቻለው ዘሩ ስለተሸከመው ነው። ያው ዘር ግን ዝቅ ባለ ስፍራ ላይ ሳለ ተሰውሮ ኖሯል። ዘርና ስፍራ እንደ ሁለት ቁጥሮች ይባዛሉ እንጂ አይደመሩም፤ አንዱ ዜሮ ከሆነ ሌላው ቢበዛ ዋጋ የለውም።

በዚያው በ2004 የብራዚል ተመራማሪዎች ሌላ ዜና ይዘው ቀረቡ። በ1960ዎቹ ከኢትዮጵያ ከተሰበሰበ ዘር የመነጩ ከ3,000 በላይ ዛፎችን መርምረው፣ ካፌይን የሌላቸው ሊባሉ የሚችሉ ሦስት ዛፎች አገኙ። በተለመደው አራቢካ በአንድ ግራም ፍሬ ውስጥ 12 ሚሊግራም ገደማ ካፌይን ሲኖር፣ በእነዚህ ውስጥ የተገኘው ከ1 ሚሊግራም በታች ነበር። ካፌይን ራሱ መራራ ነው፤ ስለዚህ ጉዳዩ የእንቅልፍ ብቻ ሳይሆን የጣዕምም ነው። ዜናው በአገራችን ክርክር አስነሥቶ ነበር፤ ዘሩ የማን ነው? የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። በእኔ አስተያየት ግን ከዚያ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፤ ከ3,000 ዛፎች መካከል ሦስት እንዲህ ያሉ ከተገኙ፣ በደኑ ውስጥ ማንም ሳይመረምራቸው የቆሙት ምን ይዘዋል?

እዚህ ላይ ወደ ሐረና እንመለስ። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በጀርመኑ የቦን ዩኒቨርሲቲና በኢትዮጵያ ተቋማት ትብብር የተካሄደ የምርምር ፕሮጀክት አራት የጫካ ቡና ደኖችን ማለትም ሐረናን፣ ቦንጋን፣ ያዩንና በሸኮ የሚገኘውን ብርሃነ ኮንትርን ጎን ለጎን አጥንቷል። ከአራቱ ከታላቁ ስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ የሚገኘው ሐረና ብቻ ነው። በዚሁ ፕሮጀክት ውስጥ ታዬ ኩፋ የየደኖቹ ቡናዎች በዕድገታቸውና በውሃ አጠቃቀማቸው ያላቸውን ልዩነት፣ ፈየራ ሰንበታ ደግሞ የደኖቹን የዕፅዋት ብዝኃነት አጥንተዋል።

ከዚህ የሚመነጨው መደምደሚያ ለ«ሐረና ጣዕም» ተከራካሪዎች ጥቂት የሚያስቸግር ነው። በእርሻ ላይ ያለ ቡና ከአንድ ወይም ከሁለት የተመረጡ ዝርያዎች የተተከለ ሊሆን ይችላል፤ በጫካ ውስጥ ግን ጎረቤት የሆኑ ዛፎች እንኳ አንድ አይደሉም። አንዱ ፍሬው ይረዝማል፤ ሌላው ቀድሞ ይቀላል። አንድ ጆንያ የሐረና ቡና የብዙ ዛፎች ድብልቅ ነው። «የሐረና ቡና ጣዕም» ስንል እንግዲህ የአንድ ዘፋኝ ድምፅ ሳይሆን የሕዝብ ጉባኤ ድምፅ እንደ መስማት ነው፤ በየዓመቱም፣ በየሸለቆውም ሊለዋወጥ ይችላል። ልዩ የሚያደርገውም ይኸው ነው እንጂ በውስጡ የተደበቀ አንድ ወጥ ጣዕም አይደለም።

አፈር አይቀመስም

«የጫካው አፈር በሲኒው ውስጥ ይታወቃል» የሚሉ አሉ። የተክል ሥር ከአፈር የሚስበው ውሃና የተሟሙ ማዕድናትን ነው። የአበባ፣ የፍራፍሬ ወይም የቅመም መዓዛ የሚሰጡ ሞለኪውሎችን ከአፈር ስቦ ወደ ፍሬው አያደርስም፤ ተክሉ ራሱ ይሠራቸዋል፣ ወይም በቆላን ጊዜ ይፈጠራሉ። አፈሩ የሚረዳው ተክሉ በደንብ እንዲሠራ ነው። በሲኒ ውስጥ እውነተኛ የአፈር ሽታ ከተሰማን ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ጂኦስሚን የተባለ፣ ከዝናብ በኋላ ምድር የምትሸተውን ሽታ የሚሰጥ ውህድ ነው፤ እርሱንም የሚሠሩት ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። ይህ የቡናው ክብር ሳይሆን የአደራረቁ ጉድለት ምልክት ነው።

ስፍራ ጣዕምን የሚነካው ይበልጡን በሙቀት በኩል ነው። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀንሳል። ከሳነቴ (4,000 ሜትር) እስከ ቡናው መካከለኛ ከፍታ (1,600 ሜትር) ያለው ልዩነት 2,400 ሜትር ነው፤ ቢሰላ 15.6 ዲግሪ ይሆናል። ቡና በሳነቴ የማይታሰበው፣ ከታች ደግሞ የሚመቸው ለዚህ ነው። በቡናው ክልል ውስጥም ቢሆን ቅዝቃዜው በጨመረ መጠን ፍሬው ቀስ ብሎ ይበስላል፤ ፍሬው እስኪቀላ ድረስ በውስጡ ያለው ዘር ስኳሩንና ስቡን ለማከማቸት ጊዜ ያገኛል። ጥላም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2006 በኮስታ ሪካ ላይ የታተመ ጥናት ጥላ የፍሬውን መብሰል እስከ አንድ ወር እንደሚያዘገይ፣ የዘሩን መጠን እንደሚያሳድግና የመጠጡን ጣዕም እንደሚያሻሽል አሳይቷል። የሐረና ዛፎች ጣራ ለቡናው የሚያደርግለት ይህንኑ ነው፤ ምርቱን ያሳንሳል፣ ጊዜ ግን ይሰጠዋል።

ከዛፉ በኋላ

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ሁሉ በሁለት ሳምንት ሊበላሽ ይችላል። እሸት ቡና ሲለቀም በውስጡ ያለው ዘር ሕይወት አለው። በመድረቅ ላይ ሳለም መብቀል ሊጀምር ሲል የሚያሳያቸው ለውጦች በውስጡ ይካሄዳሉ፤ የጀርመን ተመራማሪዎች በታጠበና ባልታጠበ ቡና መካከል ያለው ልዩነት በከፊል ከዚህ እንደሚመነጭ አሳይተዋል። የሐረና የጫካ ቡና በልማድ ሳይታጠብ ከነገለፈቱ የሚደርቅ ነው። ጣፋጩ ሥጋ በዘሩ ዙሪያ እንዳለ ይደርቃል። በአልጋ ላይ በስሱ ተሰጥቶ፣ እየተገላበጠ፣ የዘሩ እርጥበት ወደ 11 ወይም 12 በመቶ ሲወርድ ፍራፍሬ የሚመስል ወፍራም ጣዕም ይሰጣል። በባዶ መሬት ላይ ሲደርቅ፣ ጭጋግ ሲወርድበትና ሲቆለል ግን ሻጋታ ይይዘዋል፤ አንዳንድ ሻጋታዎችም ኦክራቶክሲን የተባለውን መርዝ ያመነጫሉ። ጥሬውና የበሰለው በአንድ ላይ ከተሸመጠጠም ጥሬው ጥፍጥናውን ወስዶ ምሬት ይተካል።

ስለዚህ ከአንድ ሸለቆ፣ ምናልባትም ከአንድ ዛፍ፣ የተለቀመ ቡና በሁለት ቤት ውስጥ ሁለት ቡና ሊሆን ይችላል። የኩባው የትምባሆ ክምርና የደሎ መናው ጀንፈል እዚህ ላይ ይገናኛሉ፤ ዘርና ስፍራ የሰጡትን የሚያጸናው ወይም የሚያጠፋው ከለቀማ በኋላ ያለው እጅ ነው።

መቁላቱም የራሱ ድርሻ አለው። ጥሬ ቡና ሽታው የሳር ያህል ነው። በምጣድ ላይ ስኳርና አሚኖ አሲድ ተገናኝተው ሲለወጡ ከ800 በላይ በቀላሉ የሚተኑ ውህዶች ይፈጠራሉ፤ ለመዓዛው ዋናውን ድርሻ የሚይዙት ግን ጥቂት አሥሮች ናቸው። በጥሬው ውስጥ ያለው ትሪጎኔሊን የተባለ ውህድ በከፊል ወደ ኒኮቲኒክ አሲድ ይለወጣል፤ ይህም ቫይታሚን ነው። ስሙ የመጣው መጀመሪያ ከትምባሆው ኒኮቲን ስለተሠራ ሲሆን፣ «ኒያሲን» የተባለው ሁለተኛ ስም የወጣለት ሕዝቡ ከትምባሆ ጋር እንዳያምታታው ነው። መቁላቱ እየጠቆረ በሄደ ቁጥር የዘርና የስፍራ ምልክቶች ይጠፋሉ፤ የቃጠሎው ጣዕም ብቻ ይቀራል። አብዛኛው የቤታችን ቡና ጠቁሮ ስለሚቆላ የሐረናን ከሊሙ፣ የይርጋጨፌን ከሐረር መለየት ሊያስቸግረን ቢችል አይግረመን። ከነገለፈቱ በቅቤ የሚቆላው የኦሮሞ «ቡና ቀላ» ደግሞ ከዚህ ሁሉ ክርክር ውጪ ነው፤ እዚያ ዳኛው ቅቤ ነው።

ሮቤ ላይ ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?

ዓለም አቀፍ ቡና ቀማሾች ሥርዓት አላቸው። 8.25 ግራም የተፈጨ ቡና በ150 ሚሊ ሊትር ውሃ ይዘፈዘፋል፤ የውሃው ሙቀት 93 ዲግሪ ገደማ ይሆናል፤ አራት ደቂቃ ያህል ተጠብቆ ከላይ የሰፈፈው ይሰበርና ይሸተታል፤ ሲበርድ በማንኪያ ይቀመሳል፤ ነጥቡም ከ100 ይሰጣል። 80ና ከዚያ በላይ ያገኘ ቡና የልዩ ጣዕም ቡና ይባላል።

ይህ ሥርዓት በባሌ ደጋ ላይ አንድ የፊዚክስ ችግር ይገጥመዋል። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ በየ300 ሜትሩም ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በ1 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። በደሎ መና ውሃ ወደ 96 ዲግሪ ሲደርስ ይፈላል። ሮቤ ላይ የፍሌት ነጥቡ 92 አይሞላም፤ ጎባ ላይ 91 ገደማ ነው፤ ሳነቴ ላይ ከ87 አያልፍም። በሌላ አነጋገር ሮቤ ላይ ክዳን በሌለው ማሰሮ የፈላ ውሃ የቀማሾችን 93 ዲግሪ ፈጽሞ አይደርስም፤ እሳቱ ቢጨመርበት ቶሎ ይተናል እንጂ አይሞቅም። ከቡናው ውስጥ ወደ ውሃው የሚወጡት ውህዶች መጠን በሙቀት ስለሚወሰን፣ አንድ ሰው በደሎ መና የቀመሰውን ቡና ገዝቶ ጎባ ላይ አፍልቶ «ተለወጠብኝ» ቢል ነጋዴውን ከመክሰሱ በፊት ባሮሜትሩን ይመልከት። ጀበና በእሳት ላይ ደጋግሞ መፍላቱ ጉድለቱን በከፊል ያካክሰዋል፤ ሙቀት ያጣውን ጊዜ ይሸፍነዋልና።

ሦስት ሲኒ

እንግዲህ ክርክሩን እንዴት እንፍታው? ዘዴው ቀላል ነው፤ በሮቤ በሚገኘው መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተማሪዎችም ሆኑ የሁለተኛ ደረጃ የሳይንስ ክበባት በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊሠሩት ይችላሉ። በአንድ ዓይነት እርጥበት የደረቁ፣ በእኩል ደረጃ የተቆሉ፣ በአንድ ቦታ በፈላ ውሃ የተዘጋጁ ሁለት ቡናዎች፣ ለምሳሌ የሐረናና የሌላ አካባቢ ያልታጠበ ቡና፣ ይቅረቡ። ለእያንዳንዱ ቀማሽ ሦስት ሲኒ ይሰጠው፤ ሁለቱ አንድ ቡና፣ ሦስተኛው ሌላው ቡና ይሁን። የሚጠየቀው «የትኛው ይጥማል?» ተብሎ አይደለም፤ «የትኛው ከሁለቱ ይለያል?» ተብሎ ነው። የሚቀዳውም ሰው ሆነ የሚያቀርበው የትኛው ሲኒ የትኛው መሆኑን አይወቅ፤ ፊት ምስጢር አይጠብቅምና።

ምንም የማይለይ ሰው በግምት ብቻ ከሦስት አንዴ ይመታል። ቀማሾቹ 12 ከሆኑ በግምት 4 ያህሉ ትክክል ይሆናሉ ማለት ነው። ሰባት ሰዎች ቢያገኙትስ? ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን 7 ወይም ከዚያ በላይ በዕድል ብቻ የመገኘት ዕድሉ 6.6 በመቶ ገደማ ነው። ስምንት ሲሆኑ ግን ወደ 1.9 በመቶ ይወርዳል፤ በተለመደው የ5 በመቶ መስፈርት ልዩነቱ እውነተኛ ነው ለማለት የሚያስችለው ከ8 ጀምሮ ነው። የሒሳብ ተማሪ ይህን በባይኖሚያል ቀመር ራሱ ማረጋገጥ ይችላል። ከአንድ ጆንያ የተወሰደ ቡና ግን የሚመሰክረው ለዚያ ጆንያ ብቻ ነው። ስለ ሐረና ለመናገር ከልዩ ልዩ የደኑ ክፍሎችና ከልዩ ልዩ ዓመታት የተወሰዱ ናሙናዎች ያስፈልጋሉ።

ስሙና ደኑ

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ምክንያቱ ስም ገንዘብ መሆኑ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 «ሲዳሞ»፣ «ሐረር» እና «ይርጋጨፌ» የተባሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስታመለክት ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር የተነሣው ውዝግብ በ2007 በስምምነት ተቋጭቷል። በሦስቱ ውስጥ የባሌ ስም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያም በቡና ምድቡ የደሎ መናንና የበርበሬን ያልታጠበ ቡና ያስቀመጠው ከሐረር ቡድን ሥር ነበር። ለገበያ አሠራር ይህ ሊመች ይችላል፤ ነገር ግን በሌላ ስም የሚሸጥ ቡና በራሱ ጣዕም ዋጋ አያገኝም። በአንጻሩ ስሎው ፉድ የተባለው የጣሊያን ንቅናቄ የሐረናን የጫካ ቡና በስሙ ለይቶ ከሚደግፋቸው ምርቶች ውስጥ አስገብቶታል።

ስሙ ዋጋ ሲያወጣ ደግሞ ሌላ አደጋ ይመጣል። ቡና የሚለቅም ገበሬ ምርቱን ለማሳደግ የሚያደርገው የመጀመሪያ ነገር በቡናው ዙሪያ ያለውን ቁጥቋጦ መመንጠርና የጥላውን ዛፍ ማሳሳት ነው። ልጆቹን ማስተማር ያለበትን ሰው በዚህ መውቀስ አይቻልም። ነገር ግን ፈየራ ሰንበታና ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት እንዲህ ያለው አያያዝ የደኑን የዕፅዋት ብዝኃነት እንደሚቀንስ ታይቷል። ጥላው ሲሳሳ ፍሬው ቶሎ ይበስላል፤ ክፍት ቦታው በተመረጠ ችግኝ ሲሞላም የዘሩ ልዩነት ይጠፋል። ደኑ ሲጠፋ ከጣዕም በላይ የሚጠፋ አለ። የቡና ፍሬን የሚያደርቀው በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 በአገራችን በታየ ጊዜ መድኃኒት የሆኑት በሽታውን የተቋቋሙ የአገር ውስጥ ዛፎች ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ጥናት በአየር ንብረት ለውጥ ምክንያት አሁን ቡና ከሚበቅልበት የኢትዮጵያ መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው ለቡና የማይመች ሊሆን እንደሚችል ተንብዮአል። ያው ጥናት ቡናው ወደ ከፍታ ቢሸሽ የሚመቸው ቦታ እንደሚኖር ጨምሮ ገልጿል። ለብዙ የቡና አካባቢዎች ከበላያቸው ያለው እርሻና መንደር ነው። በሐረና ግን ደኑ ከደሎ መና በላይ ካለው ቆላ ተነሥቶ፣ በሪራ በኩል፣ የአስታው ዛፍ እስከሚያልቅበት የሳነቴ ጠርዝ ድረስ ሳይቋረጥ ይወጣል። ወፍና ዝንጀሮ ፍሬ እየበሉ ዘሩን የሚበትኑበት ይህ መንገድ የቆመው በ2023 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥና በዙሪያው ነው። ዛሬ 1,900 ሜትር ላይ የቆመው የመጨረሻው ቡና ከበላዩ ያለው ጥላ እስካልተቆረጠ ድረስ የሚወጣበት ዳገት አለው።